የማንግ ኤርኔስቶ ክምር

ቅዳሜ፣ ፍራንክፈርት

ባለቤቴ ሰናይት ከሰፈራችን ከቦናመስ እስከ ባቡሩ ባንሆፍ ስትሸኘኝ ሳቋን መግታት አልቻለችም። «ሰው ለእረፍቱ፣ ለኡርላውቡ፣ ባሕር ዳርቻ ይተኛል፤ አንተ እርሻ ፍለጋ ፊሊፒንስ ትሄዳለህ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። በአረጋውያን መጦሪያ አብራኝ የምትሠራው ማሪሴል የሩዝ ገበሬ ልጅ ናት። እኔም የፎገራ ልጅ ነኝ፤ የእኛም ሜዳ ሩዝ ያበቅላል። አባቷ ማንግ ኤርኔስቶ («ማንግ» እንደኛ «ጋሼ» ማለት ነው) ሰባን አልፈዋል። «ይህ አዝመራ ከጠፋ መሬቱን ለቤት ገንቢዎች እሸጠዋለሁ» ብለዋታል። እሷ ያንን ለማስቀረት፣ እኔ አገሩን ለማየት ተሳፈርን።

ሰኞ፣ የሩዝ ወረዳ

ከማኒላ ወደ ሰሜን በአውቶቡስ አራት ሰዓት ያህል ሄድን፤ ከዚያ በባለ ሦስት እግር ሞተር። ክፍያው ፍራንክፈርት ውስጥ አንድ ብሬትሰል ዳቦ አይገዛም። ገበሬዎቹ የአስፋልቱን ግማሽ ሩዝ አስጥተውበታል፤ ሹፌሮቹም ሳይቆጡ ዞረው ያልፋሉ።

ማሪሴል የወረዳውን ታሪክ አጫወተችኝ። ቅድመ አያቶቿ ጫካ መንጥረው፣ ቦይ ቆፍረው ያቀኑት አገር ነው። ኋላ መሬቱ በባላባቶች ስም ገባና አቅኚዎቹ ጭሰኞች ሆኑ። አባቷ የድርሻቸውን ያገኙት በመሬት ማሻሻያው ነው። ዛሬ ሰው የሚበላው ከሩዝና ከሽንኩርት ነው፤ ቤት የሚሠራው ግን ውጭ ያሉ ልጆች በሚልኩት። የራሴን አያት ታሪክ የምትነግረኝ መሰለኝ።

ማክሰኞ

ሩዙ በስሎ ጋሽቧል። ሬዲዮው ከነገ ወዲያ አውሎ ነፋስ ይመጣል አለ። የማጨጃው መኪና ባለቤት ጭቃውን አየና «ይሰምጥብኛል» ብሎ ተመለሰ። ማንግ ኤርኔስቶ መደቡ ላይ ተቀምጠው «በቃ» አሉ።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። «በእጃችን አጭደን እንከምረዋለን!» አልኩ።

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። «ክምር እኔ ማሳ ላይ አይቆምም» አሉ፤ ማሪሴል እየተረጎመችልኝ። «ያኔ የምንከምረው ለባላባቱ ነበር። መውቂያው መኪና መጥቶ ድርሻውን እስኪወስድ አንዲት ዘለላ አንነካም። ዘበኛ ይቆምብን ነበር።»

አፈርኩ። ክፉ ነገር የቀሰቀስኩ መሰለኝ። ቆይቼ ግን «ጋሼ፣ እኛ አገር ክምር የገበሬው ኩራት ነው። ሰው ልጁን የሚድረው የአማቹን ክምር አይቶ ነው። ይህኛው ዘበኛ የለውም፤ የእርስዎ ብቻ ነው» አልኳቸው።

ሽማግሌው ተነሥተው ከጣሪያ ሥር ማጭዳቸውን መዘዙ።

ረቡዕ

ማለዳ ሽማግሌ ጎረቤቶቻቸው ማጭድ ይዘው መጡ። ለካ እነሱም ደቦ አላቸው! አንዱ ለአንዱ ያጭዳል፣ ባለማሳው ያበላል። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ሩዝ በደረቀ ዓሣ እየበላን ውለን ማሳውን ጨረስነው። እጄ ተላጠ፤ የመጦሪያው ጓንት አለስልሶታላ! የቀርከሃ ርብራብ ላይ ዘለላውን ወደ ውስጥ፣ አገዳውን ወደ ውጭ እያደረግሁ ከመርኩ፤ አናቱን እንደ ጎጆ አሾልኩት። አንዲት አሮጊት «ይህን ጀርመናዊ ማን አስተማረው?» ብለው አሳቁን።

ቅዳሜ

ነፋሱና ዝናቡ ሁለት ቀን ሙሉ ወረዱ። ሲያባራ ማሳው ሐይቅ ሆኗል፤ ክምሩ ግን ቆሟል። ማንግ ኤርኔስቶ ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ሰድደው እፍኝ ሩዝ አወጡ። ነከሱት፤ ቀጭ አለ። ደረቅ!

«ሁሉም የእኔ?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁና እንባቸው ፈሰሰ። እኔማ እዚያው ጭቃ ውስጥ ፎከርኩ።

ቦናመስ

ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ጀርመን ከገባሁ ጀምሮ ሙያ በሚጠይቅ ፎርሙላር ላይ ሁሉ «የለኝም» ብዬ እሞላ ነበር። ከአባቴ የተማርኩትን እንደ ሙያ አለመቁጠሬ አሁን ያናድደኛል። ትናንት መሥሪያ ቤት ቀጠሮ፣ ቴርሚን፣ ነበረኝ፤ «ገበሬ» ብዬ ሞላሁ።

ዛሬ በእረፍት ሰዓት ማሪሴል ስልኳን አቀበለችኝ። በቪዲዮው ማንግ ኤርኔስቶ አዲስ የሩዝ ችግኝ እየተከሉ በባዶ እግራቸው ጭቃው መሐል ቆመዋል። ቤት ገንቢዎቹ መጥተውባቸው ነበር።

«ታዲያ እርስዎ ምን አሏቸው?» አልኳቸው፤ ማሪሴል መልሳቸውን ተረጎመችልኝ።

«ችግኜን እንዳትረግጡብኝ፣ በዳር በዳሩ ውጡ።»