ቀይ የቀረችው ነጥብ

ሻለቃው ሴትዮዋን የጠመዳት ገና መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ የተቀመጠች ዕለት ነው። ወንበሩ የሱ ነበራ! ስሟን እንኳ አልጠየቀም። የአምናውን ጎርፍ በኮምፒውተር መልሳ እያስነሳች፣ ሠራዊቱ እርዳታውን እንዴት ቢያደርስ ይሻል እንደነበር እንድትፈትሽ ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣች ናት። ክርኑ ያለቀ ሹራብ ትለብሳለች፤ ሥራ ስትጀምር ጫማዋን ጠረጴዛው ሥር ታወልቃለች። ሻለቃውን አንድ ቀን እንኳ «ደህና አደርክ?» ብሎት የማያውቀው ኮሎኔል፣ ለሷ በገዛ እጁ ሻይ ያመጣላታል። ሻለቃው ይህን ሲያይ እርር ድብን ይላል።

ስክሪኑ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቤት ነው፤ እርዳታ በጊዜ ከደረሰለት አረንጓዴ፣ ካልደረሰለት ቀይ ይሆናል። ዛሬ ሸለቆው በሙሉ አረንጓዴ ለበሰ። ወንዙ ዳር አንዲት ነጥብ ብቻ ቀይ ቀረች።

«ጎሽ የኔ ልጅ! በቃ፣ ተሳክቷል» አለ ኮሎኔሉ።

«አንዴ ብቻ ልድገመው» አለች። ሄሊኮፕተሮቹን ቀደም አድርጋ አስነሳቻቸው፤ ነጥቧ ቀይ ናት። ጀልባ ጨመረች፤ አሁንም ቀይ።

ሻለቃው አላስችል አለው። «ለአንድ ቤት ይህ ሁሉ? ማን እንዲያይልሽ ነው?»

ሴትዮዋ ዞር አላለችም። ጣቷን ነጥቧ ላይ አሳርፋ፣ «በራችን ሰማያዊ ነበር» አለች። «የቀባሁት እኔ ነኝ።»

ሻለቃው በወንበሩ ቀንቷል፤ በሻዩ ቀንቷል፤ አሁን በሰማው «ጎሽ» እንኳ ቀንቷል። ያቺን ቀይ ነጥብ ግን እንካ ቢሉት እጁን አይዘረጋም።