ከቦሌ ካርቱም በአርባ አምስት ደቂቃ

ንጋት 11፡30፣ አዲስ አበባ

ከቦሌ ካርቱም ስንት ደቂቃ እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አብራሪ አልተወለደም። ቲኬቴ ላይ ያለው በእኛ አቆጣጠር መነሻ ሁለት ሰዓት፣ መድረሻ ሁለት ከአርባ አምስት ነው። አርባ አምስት ደቂቃ በቃ። ይህንኑ ስነግረው የታክሲው ሾፌር፣ “ትራፊክ ባይኖር እኔው አደርስዎት ነበር” አለኝ።

የምሄደው ለእህቴ ልጅ ለሐናን ኒካህ ነው። እህቴ ከወሎ ተነስታ ካርቱም በሰው ቤት ስትሠራ ሱዳናዊ አግብታ እዚያው ቀረች። በእሷ ኒካህ ቀን ከወገኗ አንድ ሰው አልተገኘላትም። ዛሬ እሷም በሕይወት የለችም። ሐናን በስልክ፣ ዐረብኛ በተቀላቀለበት አማርኛዋ፣ “ኻሉ፣ አራት ሰዓት አትቅር። ከእማ ሰው አንድ ሻሂድ ይቀመጥ” ብላኛለች። ኻሉ የእናት ወንድም፣ ሻሂድ ምስክር ማለት ነው። አራት ሰዓት ደግሞ፣ መቼስ፣ ረፋድ ነው።

2፡45፣ ሰማይ ላይ

በመስኮት አየሁ። ቡናማ መሬት እንጂ ከተማ የለም። ጠፍተን እንደሆነ አስተናጋጇን ጠየቅኋት። ገና አንድ ሰዓት እንደሚቀረን በትሕትና ነገረችኝ። ቲኬቴን አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት።

3፡45፣ ካርቱም

ከአውሮፕላኑ ቀድሜ ያረፍኩ ይመስለኛል። የፓስፖርቱ ሰልፍ ከዚህ እስከ ግብፅ ነበር። ኒካህ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ስለምን ከፊቴ የተሰለፉት የወሎ ሴቶች፣ “ሂዱ ጋሼ፣ አላህ ያድርስዎት” እያሉ እየተቀባበሉ ወደ ፊት አሳለፉኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም። አላህ ይስጣቸው።

አምጃድ በሚሏት ትንሽ ሚኒባስ ተጫንኩ። ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙት ሾፌር በየመብራቱ “ኢንሻአላህ” ይሉኛል፤ ማጽናኛ ይሁን ማስጠንቀቂያ አልለየሁትም።

5፡00፣ አል-ሳሃፋ፣ የሐናን ሰፈር

በሩን የከፈተው የሐናን አባት ዑስማን ነው፤ በካናቴራ፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ፣ ግማሹ የተላጨ። እንባዬ እየቀደመኝ ይቅርታ ስለምን ሐናን ሂና የተቀባ እጇን በላስቲክ ጠቅልላ ብቅ አለች።

“ኻሉ፣ ምነው በጠዋት?”

“አራት ሰዓት አላልሽኝም?”

“አራት ሰዓት። ከዐስር ሶላት በኋላ።”

የግድግዳውን ሰዓት አየሁት፤ ትንሿ ቀስት አስር ላይ ናት፤ በእኛ ረፋድ አራት ሰዓት መሆኑ ነው። የልጅቷ አራት የዐረቡ አራት ነው፤ በእኛ ከቀኑ አስር። ካርቱም ደግሞ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ነው፤ ቲኬቱ መድረሻውን የጻፈው በካርቱም ሰዓት ነበርና አርባ አምስት ደቂቃዬ ያን አንድ ሰዓት ደብቆብኝ ኖሯል። የመጣሁት ስድስት ሰዓት ቀድሜ ነው።

ፊት ለፊቴ የሳቀ የለም፤ ተራ በተራ ጓዳ እየገቡ ነው የሳቁት። ከዚያ ኒም ዛፍ ሥር በገመድ የተጠፈረ አልጋ ዘረጉልኝ፣ እጄን አስታጠቡኝ፣ የሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ፉል አቀረቡ። ጎረቤት ሁሉ ሊያየኝ ጎረፈ። አንዷ ሐጃ፣ እህቴ በታመመችበት ሰሞን ልጆቹን ያበላችው እሷ ናት። ሌላዋ እህቴ ያስተማረቻትን ድርቆሽ አሳየችኝ። ዑስማን ከሚስቱ በለመደው አማርኛ ይተረጉምልኛል። ወገን አጥታለች እያልኩ ስንት ዓመት ያዘንኩላት እህቴ ለካ ሰፈሩ በሙሉ ወገኗ ነበር። በሰዓቱ ብመጣ ኖሮ ይህን ማን ይነግረኝ ነበር?

ከቀኑ 10፡00፣ አሁን በትክክል

ከዐስር ሶላት በኋላ ወንዶቹ መሐል ተቀመጥኩ። ወሬዬ መስጊድ ድረስ ቀድሞኛል። ውሉን የሚጽፉት ሼኽ ስሜን በምስክርነት መዘገቡና ሥራዬን ጠየቁ። ዑስማን ተረጎመልኝ።

“የጂኦግራፊ መምህር” አልኩ።

ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። የሰዓት ክልሎች የሚባለውን ምዕራፍ በየዓመቱ።