የማኪናዋ የጣራ ገበር

በጣሊያን ጊዜ ቁስቋም አጠገብ የምኖር ኮርቻ ሠሪ ነበርሁ። ፈረስ ያለው ሰው ሁሉ ወይ አርበኛ ሆኖ በረሃ ወርዷል፣ ወይ ፈረሱን ተነጥቋል፤ ኮርቻ የሚያሠራ ጠፋ። ከተማ ውስጥ ማኪና የሚጠግን አንድ ጣሊያን ቆዳ የሚሰፋ ሰው ይፈልጋል አሉኝ። ለጠላት መሥራቱ ቢከብደኝም ሄድሁ።

የጠበቀችኝ አንዲት አሮጌ ማኪና ነበረች። ቀድሞ የአንድ ባላባት ነበረች፤ ጌታዋ ሲሸሽ በረት ውስጥ ድርቆሽ አልብሶ ደበቃት። ሁለት ክረምት አይጥ ወንበሯን በልቶት፣ ዶሮ እንቁላል ሲጥልባት ተገኘች። አንድ የጣሊያን መኰንን እንደ አዲስ እንድትታደስለት አዘዘ። ሞተሩን ጣሊያኑ ራሱ ያዘ። ወንበሮቹንና የበሮቹን ውስጥ ቆዳ ማልበስ ለእኔ ደረሰኝ። የጣራዋን ገበር ግን ትክል ድንጋይ ከሚባል አገር ለመጣ አንድ ደብተራ ሰጡት።

ይህ ደብተራ የቤተ ክርስቲያን ጥላ በመስፋት የታወቀ ነበር። ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል፤ አያ ይለኛል፣ ሲናገርም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። የማኪናዋ ጣራ ልክ እንደ ጥላ አጥንት ጎበጥ ጎበጥ ያሉ እንጨቶች ነበሩት። እሱ በጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አደረጋቸውና የማውቀው ሥራ ነው አለ። ጨርቁን ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር እየሳበ ሲሰፋው አንዲት ሽብሽብ እንኳ አልታየበትም። እኔ አራት ቀን የታገልሁት የኋላ ወንበር እንደ ግመል ሻኛ አብጦ እምቢ ብሎኛል። ጣሊያኑ ወንበሬን በቡጢ መታ መታ አድርጎ ፍታው አለኝ፤ ከጣራው ሥር ግን ኮፍያውን አውልቆ ብዙ ቆየ።

ያን ሰሞን ባለቤቴ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ማኪና ውስጥ ገብታ አታውቅምና አስገባኋት። እኔ የሰፋሁት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ወደ ላይ አንጋጣ ገበሩን አየች።

"ሸጋ ነው። ይህ የማን እጅ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

የተቀመጠችበትን አልጠየቀችም። የደብተራው ነው አልኋት። ምሳውን ሳልነካ መለስሁላት።

በማግስቱ የማርያም በዓል ነበርና ደብተራው ሊያገለግል ሄደ። ጣሊያኑም ዕቃ ፍለጋ ወጥቷል። ወስፌዬን ይዤ ወደ ማኪናዋ ገባሁ፤ ከኋላ መስኮት በላይ ያለውን ስፌት እየወጋሁ ክሩን በሦስት ቦታ በጠስሁት። ለሚያይ ሰው ምንም አያስታውቅም። ልቤ ቀለል አለኝ።

መኰንኑ ሊያያት መጣ። ገብቶ በሩን በኃይል ስቦ ሲዘጋው ገበሩ ከኋላ ተገንጥሎ ራሱ ላይ ወረደ። ጨርቁን ከራሱ ላይ ገፍፎ ወጥቶ ሄደ። ጣሊያኑ ፊቱ ደም መስሎ ደብተራውን ጠራው። እኔ ቆዳ የማለሰልስ መስዬ ጆሮዬን ጣልሁ። ደብተራው ገብቶ የተበጠሰውን ቦታ በጣቱ እየዳበሰ ቆየ። ከዚያ ክሩ አሮጌ ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንድ ቀን ይሰጠኝ ብሎ በአስተርጓሚ አስነገረ።

ጣሊያኑ ሲርቅ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

"አያ፣ መርፌ እንዲህ ያለ ቀዳዳ አይበሳም። ይህ የወስፌ ነው" አለኝ። "ምነው?"

ቀንቼ ነው የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። እሱ ተነሥቶ የተገነጠለውን ጨርቅ አነሣ።

"እስቲ ያን ጫፍ ይያዙልኝ" አለ።

ቀኑን ሙሉ ጨርቁን ወጥሬ ያዝሁለት። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን በየትኛው እንጨት ላይ ላላ፣ በየትኛው ላይ ጠበቅ እንደሚደረግ እየነገረኝ፣ በመሐል ዜማ እያንጐራጐረ ሰፋው። ሲጨርስ ከፊተኛው የበለጠ አምሮ ነበር። ይቅር ማለቱም ሌላ ቅናት ሆነብኝ፤ በእጁ መብለጡ ሳያንስ በልቡም በለጠኝ።

ማኪናዋ በዛሪማ መንገድ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ደብተራውም ወደ ደብሩ ተመለሰ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ አንድ ነጋዴ የማኪናውን ጣራ ገበር እንድሰፋለት ጠየቀኝ። ከመሐል ጀምሬ ወደ ዳር እየሳብሁ ሰፋሁለት፤ አማረ። ነጋዴው ተደንቆ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። ትክል ድንጋይ ሩቅ አይደለም፤ የደብተራውን ስም ብጠራ የሚያውቀው ሰው አይጠፋም ነበር።

"ማንም አላስተማረኝም፤ በራሴ ነው ያወቅሁት" አልሁት።