የተሾመ ካዝና

የዛሬ ሰባት ዓመት ነው፤ ወሩ የካቲት ነበር። ከዚህ በስተሰሜን አራት ሰዓት የሚያስነዳው የወይን አገር ኮረብታው ሁሉ ዝናብ ጠግቦ ለምልሟል፤ ጭቃው ጫማ ይዞ ያስቀራል። ለአሳማ አደን የሄድነው ሁለት ነበርን፣ እኔና ጋሼ ተሾመ። ከእናንተ ውስጥ ከሰላም በቀር እሱን በዓይኑ ያየ የለም። ሰላም ልጁ ናት። ዛሬ ይህን የማወራውም በእሷ ምክንያት ነው።

ባለፈው እሁድ እዚሁ ፌርፋክስ፣ እዚሁ ሱቅ ጓሮ ተሰብስበን፣ ዳዊት የሁለት ጠመንጃ ጥይት ጠረጴዛው ላይ ሲያደባልቅ ሄኖክ አይቶት «የተሾመ ካዝና እንዳታደርገው» አለ። ሳቃችሁ። አባባሉን ከእናንተ በፊት የነበሩት አዳኞች ናቸው ያወረሷችሁ፤ አልፈርድባችሁም። ሰላም ግን የአደን ፈቃድ ካወጣች ገና ወሯ ነው፣ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር። መኪናዬ ድረስ ተከትላኝ መጥታ «ጋሼ ጌታነህ፣ አባቴ እንደዚህ ኬርለስ፣ እንደዚህ ግድየለሽ ነበር እንዴ?» አለችኝ። እኔ ሽማግሌው ምን አልኩ? «ትራፊክ ሳይበዛ ልሂድ» አልኩ። ሳምንቱን እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።

ጋሼ ተሾመ ሆሊውድ አንድ ሆቴል ውስጥ የሰው መኪና ፓርክ ያደርግ ነበር። ስድሳን ተሻግሯል። ቆላ ነው ያደገው፤ ከርከሮ ማሽላ ሲጨርስ እያየ ስላደገ፣ የወይን እርሻ ባለቤቱ «አሳማ ተክሌን ነቀለው፣ ኑና ግደሉልኝ» ሲለን ከእኔ ቀድሞ የተነሳው እሱ ነው። ሥጋውን ለወይን ለቃሚዎቹ እንሰጣለን። እኛ እንደማንበላ የታወቀ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ግን «አሳማ ገዳዮቹ መጡ» እያለ ሲያሾፍብን ኖሯል።

ችግሩ የመጣው ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። ጠመንጃው ይሄ ሁሉም አሜሪካዊ ቤት የማይጠፋው፣ ትንሽ ጥይት የሚተኩሰው ዓይነት ነበር። ጋሼ ተሾመ አንድ ትልቅ አውራ አሳማ ትከሻው ላይ መታው። ጥይቱ አውሬውን ነቀነቀው እንጂ አልጣለውም፤ ደሙን እያንጠባጠበ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። እስኪመሽ ፈልገን አጣነው። ሰውየው አንድ ወር ሙሉ ተክዞ ከረመ። «አቁስሎ መተው ነውር ነው፣ ጌታነህ። ወይ አንተኩስ፣ ወይ የሚጥል ነገር እንያዝ» ይለኛል በተገናኘን ቁጥር።

እኔ ደግሞ አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት የጦር መሣሪያ ጠጋኝ ነበርኩ። እጄ ይበላኛል። የዚህን ጠመንጃ ጠባይ ታውቃላችሁ፣ ለሁለት ይከፈላል፤ የታችኛው ቃታውና ሰደፉ እንዳለ ሆኖ የላይኛውን ግማሽ በሌላ መተካት ይቻላል። ሕጉ የሚለውን ሁሉ አሟልተን፣ እርሳስ የሌለበትን ጥይት ገዝተን፣ አፈሙዙ አውራ ጣት የሚያስገባ የላይኛ ግማሽ ገጠምንለት። ተኩስ መለማመጃው ቦታ ሲሞክረው ትከሻውን ይዞ ሳቀ። «ይሄ በቅሎ ነው፣ ይራገጣል» አለ።

እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። ጠመንጃው ተቀየረ፣ ጥይት መያዣ ካዝናው ግን አልተቀየረም። ድሮ ትንሹን ጥይት የምንሞላበት ያው ካዝና ነው አሁን ትልቁንም የሚይዘው፤ ልዩነቱ ትልቁን የሚይዘው አራት ብቻ መሆኑ ነው። ከውጭ ሲታይ አንዱ ከአንዱ አይለይም። አንድ በትንሽ ጥይት የተሞላ ካዝና ከዓምናው ጀምሮ ቦርሳዬ የጎን ኪስ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ቦርሳው የኔ ነው። ያዘጋጀሁትም እኔ።

በዚያ የካቲት ቀን ገና ሳይነጋ ቫን ናይስ ቤቱ በር ላይ ሳነሳው «ጌታነህ፣ ትልቁን ብቻ ነው አይደል የያዝከው?» አለኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ያስባሉ እንዴ?» አልኩት። ቦርሳውን ግን አልከፈትኩም።

ስንደርስ ጉሙ ገና አልተነሳም። ዱካው ትኩስ ነበር፤ ጭቃው ላይ የረገጡበት ውሃ ገና አልጠራም። ዳገቱን እንደወጣን መንጋው ከታች ወይኑን ሲቆፍር አየነው። ጋሼ ተሾመ ተንበርክኮ ተኮሰ። በጉሙ የተነሳ ሦስቱን ሳተ፣ አራተኛው አውራውን አገኘው። አውሬው ተንከባሎ ተነሳና እያነከሰ ጥቅጥቅ ያለው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። እንደ ዓምናው።

ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ደሙ ቅጠሉ ላይ አረፋ ነበረው፤ ሳንባ ነው፣ ሩቅ አይሄድም። እኔ በዕድሜ አንሳለሁ፣ የያዝኩትም የለመድኩትን ጠመንጃ ነው። «እኔ ልቅደም» አልኩት።

«ደሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ደም ያወጣ ነው የሚቀድመው» አለኝ። የአዳኝ ወግ ነው፤ መንገዱን ለቀቅኩለት። አራቱም ጥይት አልቆበታል፤ ሌላ ካዝና እንዳቀብለው እጁን ዘረጋ፤ ዓይኑ ከቁጥቋጦው አልተነሳም። ቦርሳዬ ውስጥ እጄን ሰድጄ ያገኘሁትን ካዝና ሰጠሁት። ጓንት አድርጌያለሁ፣ አላየሁትም። እሱም አላየውም። በእኛ ዘንድ ወዳጅ ያቀበለህን መሣሪያ ፊቱ መፈተሽ ሰውየውን መጠርጠር ነው። ይልቁንም ደጋግሞ «ከአንተ እጅ የወጣ አይፈተሽም» ይለኝ ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አቀባበለና ገባ።

አሥር እርምጃ ያህል ከኋላው ነበርኩ። አውሬው አልሸሸም ነበር፤ ዞሮ ቆሞ ነው የጠበቀን። መጀመሪያ የሰማሁት የቅርንጫፍ መሰበር ነው። ከዚያ ጋሼ ተሾመ ቃታውን ሳበ። ጠመንጃው «ቀጭ» አለ። ሌላ ድምፅ አልነበረም። እሱ ለማቀባበል እጁን ሲያነሳ አውሬው ደረሰበት። ጋሼ ከፊቴ ቆሞ ስለጋረደኝ መተኮስ አልቻልኩም፤ የተኮስኩት እሱ ከወደቀ በኋላ ነው። አውሬው እላዩ ላይ ሞተ።

ጭኑን ከውስጥ በኩል ቀዶት ነበር። በቀበቶዬ አሰርኩት፤ ተሸክሜው መኪናው ጋ ለመድረስ ስንቴ እንደወደቅኩ አላውቅም። ስልኩ ኔትወርክ የለውም። መንገድ ላይ ዓይኑን ገልጦ «ምን ሆነ ጠመንጃው?» አለኝ። ያን ጊዜ ገና አላወቅኩም ነበር። «አላውቅም ጋሼ» አልኩ፤ እውነቴን ነበር። ከእሱ በቀር ለማንም እውነቱን ተናግሬ አላውቅም።

ሆስፒታል ካስረከብኩት በኋላ መኪናው ውስጥ ካዝናውን ነቅዬ አየሁ። በትናንሽ ጥይቶች የተሞላ ነው። አንደኛዋ ትልቁ አፈሙዝ ውስጥ ተንሸራታ ገብታ መምቻው የማይደርስባት ቦታ ቆማለች፤ በእንጨት ገፍቼ አወጣኋት። ተመልሼ ገባሁና ለእሱ ብቻ ነገርኩት። አልተቆጣም። «ለማንም አልነገርክም?» አለኝ። «አልነገርኩም» አልኩት።

በማግስቱ ባለቤቱ እትዬ አልማዝ አልጋው አጠገብ ቆማ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ «ካዝናውን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጌታነህን እንዳትጠይቁት» አላት። ቀና ብሎ አየኝ። ዝም በል ማለቱ ነው። ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ያኔ ምን አሰብኩ? ካገገመ እናገራለሁ ብዬ ነበር። ከሞተ በኋላ ለቅሶው ይለፍ አልኩ። ከዚያ አርባው፣ ከዚያ ሰማንያው። ከዚያ አንድ ቀን አንዱ እየሳቀ «የተሾመ ካዝና» ሲል ሰማሁ፤ ያን ጊዜም አልተናገርኩም። ይኸው ሰባት ዓመት። እሱ የሰጠኝ ስሙን ነው፤ እኔ ደግሞ ተቀብዬ ለብሼው ስዞር ኖርኩ። አፍሬያለሁ።

ይቺ ናት ጥይቷ። ከኪሴ ተለይታ አታውቅም። እያት ሰላም፣ ያዣት። አባትሽ ኬርለስ አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሳይጭር ያቆመ ሰው ነው። ስህተቱ አንድ ነው፣ እኔን ማመኑ። ለእናትሽም ዛሬ ከዚህ ስወጣ ሄጄ እነግራታለሁ፤ ብታስወጣኝም ደጇ ላይ እቆማለሁ።

እናንተ ደግሞ ከማንም እጅ የተቀበላችሁትን ካዝና ፊቱ ፈትሹ። ቢቀየማችሁ ይቀየም። እኔ ስሰጣችሁ ደግሞ ሁለት ጊዜ ፈትሹ።

ሄኖክ፣ አንገትህን አትድፋ። አባባሉን አትተወው፣ ያስፈልጋችኋል፤ ሰው ከሞት ያድናል። ስሙን ብቻ ቀይሩት። የጌታነህ ካዝና በሉት።