ከእኔ በቀር ማንም

በብርድ ልብስ ፋብሪካው ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጥበቃው «ሐኪሙ» ነው የሚሉት። የሚያክመው ግን ሰው ሳይሆን የሽመና ማሽን ነበር። አብረውት ያረጁት ማሽኖች መለዋወጫቸው ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፤ እሱ የተሰበረውን የማርሽ ጥርስ ከቁራጭ ብረት በሞረድ ፍቆ ያበጀዋል። ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ ያዳምጥና «ኩሽኔታው ነው» ይላል። ይፈታል፤ ኩሽኔታው ሆኖ ይገኛል። ጥርሱን የነቀለበት ሥራ ነውና ማን ይከራከረዋል?

አንድ ክፉ አመል ግን ነበረበት። ሲፈታና ሲገጥም ሰው አያስጠጋም። ረዳት ሲመደብለት ሳምንት ሳይሞላ ሰበብ ፈልጎ ያባርረዋል። ፈተና እንዳይኮረጅበት እንደሚጋርድ ተማሪ፣ በጀርባው ማሽኑን ሸፍኖ ነው የሚሠራው።

እዚያው አዳራሽ ውስጥ ማሽን ላይ የምትሠራው ሴት ልጁ አንዳንዴ ትጠጋውና «አባዬ፣ እስቲ አንዴ ልይ» ትለዋለች።

«አንቺ ክርሽን ጠብቂ። ይሄ እጅ ያበላሻል።»

ለእሷ ማሰቡ ይመስለው ነበር። ማሰብም አለበት፣ አይካድም። ግን እሱ የሚያውቀውን ሌላ ሰው ካወቀው፣ ማን ሐኪሙ ይለዋል?

ፋብሪካው ከሰረ። የመዘጋቱ ወሬ ሲናፈስ ከርሞ፣ ባለሀብቶች ሊመጡ ነው ተባለ። ካፒታላቸውን የሚያፈሱት በአንድ ፋብሪካ ላይ ብቻ ነው፤ ወይ እዚህ፣ ወይ ወንዝ ዳር ባለው ከተማ። እዚህ ካደረጉት አዲስ ማሽን ይገባል፣ ሠራተኛውም ይቆያል። ካላደረጉት ሁሉም በየቤቱ ነው። «ጋሼ፣ ያለአንተ ተስፋ የለንም» አሉት ሠራተኞቹ። እሱም ልብሱን ሳይቀይር እየዋለ እያደረ ማሽኖቹን አጸዳ፣ ግራሶ ቀባ። ባለሀብቶቹ በመጡበት ቀን አንድም ማሽን አልቆመም።

የባለሀብቶቹ አለቃ ቁጥብ ሴት ነበረች። አዲስ ቀለም የተቀባውን ግድግዳ ዞራ አላየችውም። የሠራተኛውን ሽንት ቤት ከፍታ አየች፣ ጓሮ የተጣለውን ቁርጥራጭ አየች፣ ከዚያ መጥታ ከሁሉም ያረጀው ማሽን ፊት ቆመች።

«ይሄን ማን ነው የሚጠግነው?»

«እኔ ነኝ፣ እመቤቴ።» በእጁ ያበጀውን ጥርስ ሰጣት። እያገላበጠች ከልቧ አደነቀች።

«እጅዎ ይባረክ» አለችው። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። «እርስዎ ቢታመሙስ ማን ይሠራዋል?»

«ታምሜ አላውቅም።»

«ዕድሜ ይስጥዎት። ግን ቢታመሙ?»

ሐኪሙ ደረቱን ነፋ። አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም። ማንም» አለ።

ከኋላው የቆመችው ልጁ አንገቷን ደፋች። የሥራ አስኪያጁ ፊት አመድ መሰለ። ሴትየዋ ጥርሱን በሁለት እጇ መለሰችለት፣ አመሰገነችውና ሄደች።

ካፒታሉ ወንዝ ዳር ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ደግ ሰው ነው፤ ሐኪሙን ቢሮው አስገብቶ በሩን ዘጋ።

«ጋሼ፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት።»

«ማሽኑ አርጅቶ ነው፣ አይደል?»

«ማሽንማ ሊቀይሩት ነበር የመጡት። የእነዚያም የባሰ አሮጌ ነው። ግን እዚያ መካኒኩ ሥራውን ለልጆች አስተምሯል፤ እሱ ቢቀር ሥራ አይቆምም። ‹እዚህ ባደርገው ገንዘቤን በአንድ ሽማግሌ ጤና ላይ ማስቀመጤ ነው› አለችኝ።»

ሐኪሙ ሴትየዋን ሊሰድብ አፉን ከፈተ፤ የምትሰደብበት ነገር ግን አጣባት።

ማሽኖቹ ለብረት አቅላጭ ተሸጡ። የሚፈታቸው ሰው ሲታጣ እሱኑ ጠሩት። ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትቶ፣ ራሱ መኪና ላይ አስጫናቸው። እያለቀሰ ነበር፤ ሠራተኞቹም አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

የዚያን ቀን ቤት ሲገባ ልጁ ልብስ ታጥፋለች። አልወቀሰችውም። ብትወቅሰው በወደደ።

«ወንዝ ዳር ሄጄ ሥራ ጠይቄ ነበር» አለችው። «ክር የሚይዝ ሞልቶናል፣ ጥገና የምትችይ ከሆነ ግን ነገውኑ ነይ አሉኝ።»

እጁን አየ። ግራሶው ገና ከጥፍሩ ሥር አልለቀቀም።

«አስተምርሻለሁ» አላት። «ከነገ ጀምሮ። አንድም ሳልደብቅ።»

ልጁ የያዘችውን ልብስ አስቀመጠች።

«ምን ላይ፣ አባዬ?»

ጥያቄው ቁጣ አልነበረበትም። ከልቧ ነው የጠየቀችው። እሱም በእጁ ያበጀውን ጥርስ ከኪሱ አውጥቶ አየው፤ የሚገጠምበት ማሽን ግን የለም።