የታጠበው ቱቦ

ግትሪት ይሏታል፤ እሷም ስሙን እንደ ማዕረግ ይዛዋለች። ከድሮ መምህሯ ጋር ዓይንና ናጫ ከሆኑ ዓመታት አልፈዋል፤ ምን ዋጋ አለው፣ የሚሠሩት በአንድ ክፍል፣ በአንድ ረጅም የብረት ቱቦ ላይ ነው። ቱቦው ውስጥ ከብዙ የአርጎን ጋዝ ጋር የተቀላቀለ ጥቂት ሃይድሮጅን ይሞላል። ከአንዱ ጫፍ የታመቀ ጋዝ ስስ የብረት ሽፋን በጥሶ ሲንደረደር ሃይድሮጅኑ በቅጽበት ይግላል፤ ሞለኪውሎቹም በግጭት ብዛት ወደ አተም ይሰባበራሉ። ሥራቸው ይህ ስብራት ምን ያህል እንደሚፈጥን መለካት ነው።

መምህሩ በወጣትነቱ የለካው ቁጥር በየመጽሐፉ ሰፍሯል። የእሷ ቁጥር ግን የእሱን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

«አየር አስገብተሽ ነው» አላት በስብሰባ መሃል። «መቼ ቱቦ መዝጋት ተማርሽና!»

«ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ይልቅ አልኮልዎን ይተዉ።»

ሰውየው የታመቀውን ጋዝ ከመተኮሱ በፊት ሁልጊዜ ቱቦውን አልኮል በነካ ጨርቅ ይወለውላል። ንጽሕና መሆኑ ነው! አልኮሉ ግን ብረቱ ላይ ይቀራል፤ ራሱም ሃይድሮጅን አለበት። ሲግል ቀድሞ ይሰበርና አተሞቹን ይለቃል፤ መሣሪያው የማን እንደሆኑ ሳይለይ ሁሉንም ይቆጥራል። እሷ እንደምታደርገው ሌሊቱን በፓምፕ ሲመጠጥ ባደረ ቱቦ ውስጥ ግን ያ ሁሉ ጥድፊያ የለም።

የክፍሉን ኃላፊ ንትርኩ አንገሸገሸው። «ነገ ፊቴ ትተኩሳላችሁ። ቁጥሩ የወጣለት ቱቦውን ይረከባል፤ ሌላው ክፍሉን ይለቃል» አለ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብላ ፓምፑን አስነስታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ጠዋት ስትመጣ ፓምፑ ይሠራል። የግፊት መለኪያው ግን ማታ ከተወችው በጣም ከፍ ብሏል። ቱቦው ተከፍቶ ነበር። ደሟ ፈላ። ኃላፊውና ባልደረቦቿ ሲገቡ መምህሩም ከኋላቸው ብቅ አለና እጁን ዘረጋላት።

«እንደምን አደርሽ፣ ልጄ?»

ልጄ! ስንት ዓመቱ እንዲህ ካላት! እጁን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለች፤ ልትስመው መሰለ። አሸተተችው።

«አልኮል» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «መምህር፣ እርስዎ መጠጥ በአፍዎ ዞሮ አያውቅም። ታዲያ እጅዎ ምን ሲነካ አነጋ?»

«ልቀቂኝ!»

«እርስዎ ቱቦውን ይልቀቁ።»

ሽማግሌው እጁን ሊያስለቅቅ ታገለ፤ አጥብቃ ያዘችው። የሁሉም ዓይን መሬት መሬት አየ። ኃላፊው ፓምፑ ሲሠራ እንዲውል፣ ክፍሉም እንዲቆለፍ አዘዘ። ማምሻውን ተኮሱ። የወጣው የእሷ ቁጥር ነበር። መምህሩ ኮቱን አንጠልጥሎ ወጣ።

ቱቦው አሁን የእሷ ነው፤ ቁጥሯንም የሚከራከረው የለም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ግን ለሰላምታ እጁን የሚዘረጋላት ጠፍቷል። ከሩቅ ሲያዩዋት እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ።