ሥዕሉ እስኪያልቅ

የዘይት ቀለም ሽታ የትም ይሽተተኝ የት፣ ወዲያው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሥር ወደነበረው ቤታችን ይመልሰኛል። አባቴ ስመ ጥር ሠዓሊ ነበር፤ የሣላቸው ሴቶች ሁሉ ግን አንዲት ሴት ናቸው፣ እናቴ።

በጋ ሲገባ «ብርሃኑ ጥሩ ነው» እያለ፣ ከቁርስ እስከ ምሳ መስኮቱ ሥር ያስቀምጣት ነበር። አትሳቂ፣ አትዙሪ፣ አትወፍሪ! ገበያ እንኳ የምንወርደው እሱ ሲፈቅድ ነበር። ጎረቤቶቻችን «ታድላ! ባሏ ሲያያት ይውላል» ይሉ ነበር፤ እኔም ሞኟ አምናቸው ነበር።

ክረምት ሲሆን ሰማዩ ስለሚጠቁር ትንሽ ትተነፍስ ነበር። አንድ ዓመት ግን ገና መስከረም ሲጠባ፣ ሹሩባ አሠርቷት አዲስ ሥዕል ጀመረባትና፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ አረፈች። እናቷ የሞተችባት ሴት ፀጉሯን ትቆረጣለች፤ በእኛ ዘንድ ይሄ አይጠየቅም። አባቴ ግን «ሥዕሉ እስኪያልቅ ፀጉርሽን እንዳትነኪው» አላት።

እሱ ወጣ ሲል ጠብቃ «ነይማ የኔ ልጅ፣ መቀሱን አምጪልኝ» አለችኝ። የት እንዳለ አውቅ ነበር። አባቴን ፈርቼ፣ መቀሱን አንሥቼ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ከተትኩና «አጣሁት እማዬ» አልኳት። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከጎረቤት ልትዋስ ነጠላዋን ስታነሣ እሱ ተመልሶ ገባ፤ አለቀ።

ለቅሶ ቤት ሹሩባዋን በጥቁር ሻሽ ሸፍና ሄደች፤ ሻሹ ሲንሸራተት ሴቶቹ «ወይ ጉድ! ለእናቷ እንኳ?» ሲባባሉ አጠገቧ ተቀምጬ ሰማሁ፤ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ከሠልስት በኋላ ተመልሳ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች።

ዛሬ አባቴ የለም፤ እናቴ መሪ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ቤቴ፣ ከእኔ ጋር ትኖራለች፣ ሲያሻት ትወጣለች፣ ሲያሻት ትገባለች። በቀደም የሥዕል ተማሪዎች መጥተው፣ የዚያን ሥዕል ፎቶ በስልክ እያሳዩ፣ «እማማ፣ እዚህ ላይ ምን እያሰቡ ነበር? ፊትዎ አንጀት ይበላል» አሏት።

«እናቴን» አለች። «ፀጉሬን ልቆረጥላት ብዬ መቀስ ጠፋ።»

ልጆቹ በየማስታወሻቸው ጻፉት። እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ የምፈራው አባት ነበረኝ፤ ዛሬ አርባ ዓመት ሞልቶኛል፣ የምፈራውም ሰው የለም፤ ግን አሁንም አልነገርኳትም።